ይታያል

ማክሰኞ ማታ፣ በሃል ከተማ፣
ዝናቡ የወደቡን ጨው ይዞ መስኮቱን ሲመታ እየተሰማ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ ስድስት ሆነን ተቀምጠናል፤
ማሞቂያው «ይጠገናል» ከተባለ ሦስት ወሩ፤ ካፖርታችን ያውቀናል።

አስተማሪያችን ዶሪን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤
ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ እንደ መረብ ትጥላለች፣ የተያዘውን እስክናይላት።
«የተሰበረው ብርጭቆ መከፈል አለበት» ብላ ጀመረች፤
ከሁሉም በኋላ፣ ከነጥቡ በፊት፣ አንዲት ትንሽ ቃል ለጠፈች፤
«ፎር።»

ሪብዋር እጁን አወጣ፤ «ከሷ በኋላ የሚመጣው ስም ወዴት ሄደ?»
«ስሙማ» አለች ዶሪን፣ «ፊት ወንበር ላይ ሊቀመጥ፣ እሷን ጥሎ ነጎደ።»
በሩ ላይ ቀረች ማለት ነው፣ ሻንጣዋን እንደያዘች፤
ባቡሩ ሄዶ፣ እሷ ግን መድረኩ ላይ እንደቆመች።

እኔ በልቤ የራሴን ቋንቋ ገለጥኩ።
የኛዋ «ለ» የስሙን እጅ ሳትለቅ ከፊት ከፊቱ ትሄዳለች፤
ስሙ ከጠፋባትም ደጅ አታድርም፣ ግሡ ሆድ ውስጥ ትገባለች።
«በ»ም እንደዚያው፤
ይከፈልበታል፣ ይመከርበታል፣ ይታሰብበታል፤
ግሡ በውስጥ ኪሱ፣ እንደ ሳንቲም፣ ይዟት ይዞራል።
ስንቱን ቢሮ ደጅ ጠናሁ፣ «ይታሰብበታል» ተብዬ!
ማን እንደሚያስብበት ሳልጠይቅ ወጣሁ፣ ቃሉን እንደ ደረሰኝ አጥፌ፣ ተመስገን ብዬ።

ከዚያ የራሳችንን እንድንጽፍ አዘዘች።
ሃሊና ከኬርሶን ናት፤ እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየች፤
«ቤቴ» ብላ ጻፈች፣ «ከእንግዲህ ሊኖር አይቻልም — ኢን።»
ዶሪን አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።
«ሰዋስዉ ልክ ነው» አለች፤
ቀዩን ብዕር ከደነች።

እኔ ዘንድ ስትደርስ የስሜን ትርጉም ጠየቀችኝ።
«ይታያል» ማለት፣ አልኳት፣ አንድ ቀን ሰው ያየዋል፣
አባቴ ነው ያወጣልኝ፣ ትልቅ ቦታ ይደርሳል እንደ ማለት…
«በማን ነው የሚታየው?» አለች።
ይህን አባቴም አልነገረኝ።

ኪሴ ውስጥ ደብዳቤ አለ፣ ከኢሚግሬሽን፣ አሥራ አራት ወሩ፤
መታጠፊያው ላይ ተልጦ ፊደሎቹ መርገፍ ጀመሩ።
«ጉዳይዎ ይታያል» ነው የሚለው፣ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ፤
ስሜን ነው መልሰው የላኩልኝ፣ መስሏቸው መልስ።

ከትምህርት በኋላ ሥራ እገባለሁ፤ አረጋውያን መጦሪያ፣ ክፍል ዘጠኝ።
ሚስተር ክሊፎርድ፣ የድሮ መርከበኛ፣ ዐይናቸውን ጭጋግ ጋርዶታል።
ራስጌያቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤
«ሌሊት ሊታደር ይገባል — ዊዝ።»
ማን ይደር? አልተጻፈም።
ሲነጋጋ ገባኝ፤
«ዊዝ» ማለት ይቺ ወንበር ናት፣ አንድ እግሯ ያጠረ፣
በካርቶን የደገፍኳት፤
«ዊዝ» ማለት እላይዋ ሆኜ የማንቀላፋው እኔ ነኝ።

እነሱ ግዴታን አንዲት ደረቅ ቃል አድርገው ከፊት ያቆሟታል።
የኛ ግን ሲፈቱት «አለ» እና «በ» ነው፤
አለበት፣ አለባት፣ አለብኝ፤
አንድ ነገር አለ፣ እላዬ ላይ፣
እንደ ዕዳ፣ ወይ እንደ ጉንፋን፣ ወይ እንደ ልጅ በጀርባ።
መንቃት አለብኝ። ክኒኑን በአሥር ሰዓት መስጠት አለብኝ።

አንድ ሌሊት የስሜን ፍቺ ነግሬያቸው ነበር፤
ከዚያ ወዲህ ሲባንኑ ይጠይቁኛል፣
«ታየህ እንዴ?»
«ገና ነኝ።»
ይስቃሉ፣ ሳሉ እስኪያቋርጣቸው።
ዛሬም ጠየቁ፣ ዛሬም ገና ነኝ አልኩ።
እጃቸውን በጨለማው ሰደዱ፤ አየሩን ዳበሱ፣ ብርድ ልብሱን ዳበሱ፣
እጅጌዬን አገኙ።
«አለህ» አሉ።
ተኙ።